የአያ እንድሪስ ሰማያዊ በሬ

ሰው በአርባ ስድስት ዓመቱ ምን ይጀምራል? አንዳንዱ ስኳሩን መለካት ይጀምራል። አንዳንዱ በወጣትነቱ ስለሮጠው ሩጫ መዋሸት ይጀምራል። እኔ ሥዕል ጀመርኩ። ከሚሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ፋይል ከመደርደሪያ እያወረድኩ ወደ ሌላ መደርደሪያ የሰቀልኩ ሰው ነኝ። ከእኔ ማንም ምንም አይጠብቅም ነበር፤ ነገሩን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ስነካካ አንዲት ሴትዮ በጣቷ ብቻ ሐይቅ ስትስል አየሁ። ጣቷን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነከረች፣ ወዲህና ወዲያ አለች፣ ሐይቅ ሆነ። እጄን አየሁት። አሥር ጣት አለኝ። ታዲያ ምን ቀረኝ ብዬ የዚያኑ ዕለት ጀመርኩ።

ችግሩ ቀለም ነው። ከሱቅ ሱቅ ብዞር የሠዓሊ ቀለም የሚባል ነገር አላገኘሁም፤ አንዱ ባለ ሱቅ እንዲያውም «ስንት ክፍል ቤት ነው የምትቀባው?» አለኝ። ስለዚህ የተገኘውን ሰበሰብኩ። ከበራችን የተረፈ አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነበረን። ብረት እንዳይዝግ የሚቀባውን ቀይ አንቲረስት ከበያጁ ለመንኩ። የሰፈራችን መስጊድ አጥር ሲቀባ የተረፈች ጥቂት አረንጓዴ አገኘሁ። ለቢጫ ደግሞ የባለቤቴን እርድ በዘይት ለወስኩ። ባለቤቴ ዘሀራ ወጥ ልትሠራ ስትነሳ እርዷን አጣችው፤ ዞር ብላ ብታይ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ሆኖ እየጠለቀ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚለቅህ?» አለችኝ።

አልለቀቀኝም። በመጀመሪያው ወር ነገሩን ልክ እንደሚታየው ለመሳል ሞከርኩ። ጎረቤት ሳልኩ፣ ድንች ሆነ። ባጃጅ ሳልኩ፣ ድንች ሆነ። የእውነት ድንች አስቀምጬ ብስል ግን የእኛ ሥራ አስኪያጅ ሆነና በድንጋጤ ቀደድኩት። በሁለተኛው ወር ስልት ለወጥኩ። ሠዓሊ የሚያየውን ሳይሆን የሚሰማውን ነው የሚስለው የሚል ነገር ስልኬ ላይ ሰማሁ፤ ይህን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ምክንያቱም የሚሰማኝን ማንም መጥቶ ሊያመሳክርብኝ አይችልም። ከዚያ ወዲህ የሳልኩት ነገር ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ።

አሁን ወደ በሬው እንምጣ።

ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ገበሬ ነው። መሬቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ቤቱ ግን ከእኛ አጥር ጀርባ ነው፤ በሬውንም እዚያው ደጁ ላይ ያስረዋል። ዳማ ይለዋል፣ በመልኩ። ቀላ ያለ፣ ሰፊ ግንባር ያለው፣ ኩሩ በሬ ነው። የንጋቱን የሱብሂ ሶላት ሰግጄ ቢሮ እስክገባ ያለችኝን ሰዓት በመስኮቱ በኩል እሱን ለመሳል ወሰንኩ። እንጨት አጋጥሜ አቡጀዲ ወጠርኩና በአጥሩ ትይዩ ተቀመጥኩ።

ዳማ ግን ለሥዕል የተፈጠረ በሬ አይደለም። የግራ የፊት እግሩን ስስል ያነሳዋል። ባነሳበት ቦታ ደግሞ ስስለው መልሶ ያወርደዋል። ሁለቱንም ሳልኳቸው፤ በኋላ አንዱን አጠፋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን የትኛው እንደሚሻል መወሰን አቃተኝና ሁለቱም ቀሩ። አንደኛው ቀንድ ሲጀመር አቡጀዲው አለቀ። ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቀይና አረንጓዴ ሲደባለቅ ቡናማ ይሆናል ተብዬ አንቲረስቱን በሙሉ ከመስጊዱ አረንጓዴ ጋር ብደባልቀው የተቃጠለ ሽሮ ሆነ። የቀረኝ የበሩ ሰማያዊ ብቻ ነበር። እኔም በሬውን ሰማያዊ አደረግሁት፤ ጥላውን ደግሞ ደጋግሜ እየቀባሁ አጠቆርኩለት። ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁትና ልቤ በደስታ ዘለለ። ይህን እውነቴን ነው የምላችሁ። ምን እንደሠራሁ አላወቅሁም እንጂ አንድ ነገር እንደሠራሁ አውቄያለሁ።

አያ እንድሪስ በየቀኑ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያወጣል።

«እንዴት ነው በሬዬ? ይመስላል?»

«ቁርጥ ራሱን!»

«እስቲ ልየው።»

«ሳያልቅ አይታይም።» ይህንንም ከስልክ ነው የሰማሁት።

እሱም አምኖኝ ከመስጊድ እስከ ገበያ አወራው። «የእኔ በሬ ተሣለ፤ ቁርጥ ራሱን ነው፤ እስትንፋሱ ብቻ ነው የቀረው» ይላል አሉ፤ አንዴ እንኳ ሳያየው። እኔም አላስተባበልኩም። ሰው ሲያደንቃችሁ አፍ የሚባለው ነገር የት እንደሚሄድ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን ዳማ ገመዱን በጥሶ ጠፋ።

በሬ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። አያ እንድሪስ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው። ከአጎቱ ልጅ በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ አንድ ቀን የእሱን መሬት፣ አንድ ቀን የአጎቱን ልጅ መሬት እያረሱ ነው የሚኖሩት። የአጎቱ ልጅ እስከ ሰኞ ልጠብቅህ፣ ከዚያ ዝናቡ አይጠብቀኝም፣ ከሌላ ሰው ጋር እቀናጃለሁ አለው። በሬው እስከ ሰኞ ካልተገኘ የአያ እንድሪስ መሬት ዘንድሮ ጦሙን ያድራል። ሰውየው ስምንት ቀን ወንዝ ለወንዝ ሲዞር ሰነበተ፤ ጉንጩ ገባ።

ቅዳሜ ከሰንበቴ ከተማ ለአያ እንድሪስ ስልክ ተደወለ። ሁመድ የሚባል ከቆላ ከብት የሚያመጣ የአፋር ሰው ባለቤት የሌለው ቀይ በሬ አግኝቷል፤ እሁድ ገበያ ላይ ለሽማግሌዎች ሊያሳይ ነው። ደንቡ የታወቀ ነው፦ የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው ባለቤት ነኝ ለሚል ሁሉ አይሰጥም። ባለቤቱ በሬውን ሳያይ በሽማግሌ ፊት ምልክቱን መናገር አለበት። ሁለት ሰዎች ቀድመው መጥተው፣ ምልክቱ አልገጥም ብሏቸው ተመልሰዋል።

አያ እንድሪስ በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል ፊቱ በርቷል።

«አልሐምዱሊላህ! ነገ አብረን እንሄዳለን። ሥዕሉን ያዝ!»

«አያ እንድሪስ... ምልክቱን በአፍህ ብትናገር አይሻልም? ሥዕሉ እኮ ትንሽ... ስልት ገብቶበታል።»

«ስልትስ ቢገባበት! አብሽር፣ አይዞህ!» ብሎ ሄደ።

ያን ጊዜ አጥሩን ዘልዬ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አደረግሁ? እሁድ ጠዋት ተነስቼ ሥዕሉን ለማሻሻል ሞከርኩ። የጎደለውን ቀንድ ከጆሮው ላይ አወጣሁ፣ እስከዚያ ያልሳልኩለትንም ጭራ በደንብ አወፍሬ ጨመርኩለት፣ በዚያው በሰማያዊ። የዘይት ቀለም መሆኑን፣ ቀኑን ሙሉ እንደማይደርቅ ያስታወስኩት ሚኒባስ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።

በዘሀራ አንሶላ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አቆምኩት። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር አንሶላው ይሸሻል። ከፊቴ መደገፊያ በሌለው ወንበር ላይ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው የተስቢህ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሹፌሩ አንዴ ፍሬን ሲይዝ ሥዕሉ ወደ ፊት ሄደና ሽማግሌው ጀርባ ላይ ተለጠፈ። ቀስ ብዬ ሳላቅቀው ጭራው የለም። ጭራው ጀለቢያው ላይ ነው፤ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ጫፉ ላይ ፀጉሩ ሳይቀር። እኔ እንደዚያ ያማረ ጭራ በአቡጀዲ ላይ ሥዬ አላውቅም።

ልናገር? አልናገር? ስል ሰንበቴ ደረስን። ሽማግሌው ወረዱና ጭራቸውን ይዘው ወደ ከብት ተራው ሄዱ። እኛም ስንደርስ ከሦስት ዳኛ ሽማግሌዎች አንዱ ሆነው መሀል ተቀምጠው አገኘናቸው። ሼህ ጡሃ ይባላሉ።

ከብት ተራው ሞልቷል። ሁመድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። በሬው ከአጥር ጀርባ ታስሯል፤ አይታይም።

«እንድሪስ፣» አሉ ሼህ ጡሃ፣ «በሬው ከመምጣቱ በፊት ምልክቱን ተናገር።»

አያ እንድሪስ ደረቱን ነፋ። «ያ ሼህ፣ እኔን ምን ያስለፈልፈኛል! ከሚሴ ትልቅ ሠዓሊ አለን። በሬዬን ቁርጥ አድርጎ ሥሎታል። በሬውን አውጡት፤ ከሥዕሉ ጎን ይቁም። ከሥዕሉ ከተለየ በሬው የእኔ አይደለም!»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው!»

እዚያ አካባቢ ቃል በሽማግሌ ፊት ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይገባም። በሬው ወጣ። ዳማ ነው፤ ራሱ ዳማ! አያ እንድሪስ «ዳማዬ!» ብሎ እንባው መጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ግለጠው» አለኝ።

ገለጥኩት።

ገበያው አንገቱን አሰገገ። ፍየሎቹ እንኳ ያሰገጉ መሰለኝ።

«ኩን ማሊ?» አለ አንዱ በኦሮምኛ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«አህያ ነው» አለ ሌላው።

«አህያማ አይደለም፤ አህያ እኔ አውቃለሁ። ደግሞ እግሩን ቁጠሩት!»

ሕዝቡ ባንድ ድምፅ ይቆጥር ጀመር። «ቶኮ! ለማ! ሰዲ! አፉር!» አራት ላይ ትንሽ ቆሙ። «ሸን!»፣ አምስት፣ ሲሉ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር አስተጋባ። ግመል ሊሸጥ የመጣው ሰው ግመሉን ትቶ እግር ሊቆጥር መጣ።

አያ እንድሪስ አልሳቀም። አልተቆጣምም። ሥዕሉን አየ፣ በሬውን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄ ነው ዳማ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሰውየውን የዓመት እህል በአፌ እንደበላሁበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

«ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ቀኝ ጆሮው ጫፉ ላይ...» ብሎ አያ እንድሪስ ሊጀምር ሲል ሼህ ጡሃ እጃቸውን አነሱ። «አሁንማ በሬው ፊታችን ቆሟል። ይህን እኔም ልነግርህ እችላለሁ። ቃል ሰጥተሃል እንድሪስ።»

ተነሳሁ። መጀመሪያ ስለ ሥነ ጥበብ ተናገርኩ። ጥላ ሰማያዊ እንደሆነ፣ ሠዓሊ የሚሰማውን እንደሚስል አስረዳሁ። ግመል ሻጩ «ሲሰማህ አምስት እግር ነው የሚሰማህ?» አለኝ። ከዚያ ትዕቢቴን ዋጥኩና እውነቱን ተናገርኩ። «ያ ጀመዓ፣ አንቲረስት አልቆብኝ ነው። የቀረኝ የበር ቀለም ነበር። እግሩም ማጥፋት አቅቶኝ ነው። እኔ ሥዕል አልችልም! በሬው የአያ እንድሪስ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሼህ ጡሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ጎረቤቱ ነህ። ለጎረቤትህ ብለህ አልችልም ብትል ምን ይጎድልብሃል? ቃል የሚከብደው ተናጋሪውን ሲያስከፍለው ነው።»

ልክ ናቸው። ምን ሊያስከፍለኝ እንደሚችል አሰብኩ። በዓለም ላይ አንድ የምሳሳለት ነገር ነው ያለኝ። አፌ ከእኔ ቀደመና በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፦ «ወላሂ! ከዛሬ ጀምሮ ብሩሽ በእጄ አልነካም! አሁንስ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምናልባት ይበቃ ነበር፣ ምናልባት አይበቃም ነበር፤ አላወቅሁም። ምክንያቱም በዚያው ቅጽበት፣ እኔ «አሁንስ» ብዬ አፌን ሳልገጥም፣ ሁመድ ተናገረ።

«ሼህ፣ ቆይ።»

ለካ ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ ቁጢጥ ብሎ ሥዕሉን ሲያይ ነበር የቆየው። ተነሳና በዱላው ጫፍ አመለከተ።

«እኔ ይህን በሬ ያገኘሁት ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ፀሐይ አልወጣም። ከሩቅ አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። ጅን ነው ብዬ ቆምኩ። ፀሐይ ወጣ፣ ሰማያዊው ሄደ፣ ቀይ መጣ። ይህ ሰው ቀለም አልሳተም። ፀሐይ ሳይወጣ ነው ያየው።»

እኔስ የሳልኩት መቼ ነበር? ጠዋት ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ! በሬውን ሰማያዊ ያደረገው የቀለሙ ማለቅ ነው ብዬ ለራሴ እንኳ የነገርኩት ውሸት ኖሯል ወይስ እውነት? እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እግሩስ?» አለ ግመል ሻጩ።

«እግሩን ከሥዕሉ አትቁጠር፤ ከበሬው ቁጠር» አለ ሁመድ።

ሁሉም ወደ ዳማ ዞረ። ዳማ የግራ የፊት እግሩን አነሳ። ወደ ፊት አኖረው። ትንሽ አሰበበት። መልሶ ወደ ኋላ አኖረው። ደግሞ አነሳው።

«ስምንት ቀን ከእኔ ጋር ነው» አለ ሁመድ። «ይህችን እግር አንድ ቦታ አያኖራትም። እኔ ምልክት ብዬ በልቤ የያዝኩት እሷን ነው። የመጡት ሁለት ሰዎች ጆሮ አሉኝ፣ ቀንድ አሉኝ፤ ይህችን አላሉኝም። ይህ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ሣላት።» ሥዕሉን ደግሞ አየውና ፊቱን አጨማደደ። «ጭራ ብቻ የለውም።» ዓይኑ ሽማግሌዎቹን ዞረና፣ ሼህ ጡሃ ውሃ ሊያነሱ ወደ ኋላ ዘወር ሲሉ ጀርባቸው ላይ ቀረ። «ጭራውማ ይኸው! ሼሁ ጋ ነው!»

ሼህ ጡሃ ጀለቢያቸውን ጎትተው ሲያዩ ገበያው እንደገና ፈነዳ። አላህ ይስጣቸው፣ ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ዳኝነቱ በሳቅ መካከል ተሰጠ፦ በሬው የእንድሪስ ነው፤ ሥዕሉ ከበሬው አልተለየም። አያ እንድሪስ አንዴ በሬውን፣ አንዴ ሁመድን፣ አንዴ እኔን ያቅፋል፤ ማንን እንዳቀፈ ሳያውቅ ግመል ሻጩንም አቀፈው። ሁመድ በሬውን ሲያስረክብ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ ሥዕሉን። ሰጠሁት። አቡጀዲውን ከእንጨቱ ፈትቶ፣ ርጥቡን ወደ ውጭ አድርጎ ጠቀለለና ወደ ቆላው ይዞት ሄደ።

እኔ በደስታ ልበር ነበር። አንድ እርምጃ ስራመድ ግን ትዝ አለኝ። ሠዓሊ መሆኔ በአንድ ገበያ ሕዝብ ፊት የተመሰከረው፣ ሥዕል ከተውኩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነው።

ሼህ ጡሃን ወደ ጎን ጠራኋቸው። «ያ ሼህ፣ መሐላዬስ?»

«መሐላ መሐላ ነው። ልታፈርሰው ከፈለግህ ከፋራ አለው፤ አሥር ሚስኪን ታበላለህ።» ከዚያ ጀርባቸውን አሳዩኝና «ይሄስ በምን ይለቃል?» አሉኝ። በነጭ ጋዝ አልኳቸው።

አሥር ሰው ማብላት ማለት ዘሀራ ለአሥር ሰው ትሠራለች ማለት ነው። ለምን? እርዷን ለበላው፣ አንሶላዋን ላበላሸው፣ መቼ ነው የሚለቅህ ስትለው ለኖረችው ነገር! በምን አፌ? ቤት ስገባ መተዌን ብቻ ነገርኳት፤ ስለ ከፋራው ትንፍሽ አላልኩም። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቆርቆሮዎቹን ከአልጋው ሥር አወጣቻቸው።

ሰኞ አያ እንድሪስ አረሰ። እኔ ከቢሮ ስመለስ የምሠራው ስላልነበረኝ ማድቤት ገባሁና ከዘሀራ አጠገብ ቆሜ ስለ ሽንኩርት አከታተፍ ሐሳብ ሰጠሁ። ማክሰኞ በርበሬው ላይ ብርሃኑ ከግራ ቢመጣ እንዴት እንደሚያምር አስረዳኋት። የሰንበቴውንም ታሪክ አምስት ጊዜ ነገርኳት፤ ሁመድንም፣ ግመል ሻጩንም እኔው እየሆንኩ። ረቡዕ ስድስተኛውን ስጀምር ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ስማ። ይሄ መሐላ ማውረጃ የለውም?»

«አለው። አሥር ሚስኪን ማብላት ነው። እኔ ግን አንቺን ላለማስቸገር...»

«ከእሁድ ጀምሮ እያወቅህ ነው ዝም ያልከኝ?» ብላ ጮኸች። «የሚወራውን ሁሉ ስታወራ!»

ሐሙስ ትልቁን ድስት ጣደች። አሥሩም ሰዎች መጡ፤ በሉ፤ ዱዓ አድርገው ወጡ። አሥረኛው ገና ከበሩ ሳያልፍ ዘሀራ ቆርቆሮዎቹን ራሷ ተሸክማ ወደ መስኮቱ አመጣች፣ ወንበሬን አስተካከለች፣ ብሩሹንም እጄ ላይ አኖረችው።

«ሦስት ወር ሙሉ ይሄ ቤት ለምን ፀጥ እንዳለ ገርሞኝ ነበር፤ ለካ ስትስል አታወራም» አለች። «በል አሁን ሳል።»